ላምሽን ራስሽ አውጪ

ጂንካ ምስጋና አይቸግራትም፤ አድራሻው ነው የሚጠፋባት። ሪባን ለቆረጠ ታጨበጭባለች፣ ባነር ለሰቀለ ታጨበጭባለች፤ ችግኝ ለተከለም ፎቶ ታነሣለታለች፣ ችግኙን በማግስቱ ፍየል ቢበላው ፎቶውን አይበላውምና። ለኤርጎ ግን አጨብጭባለት አታውቅም። እነዚያ የሚያጨበጭቡ እጆች ሳይሰበሩ እንዲያድጉ ከሮጡት ሰዎች አንዱ እሱ መሆኑን ማንም አልነገራትም። እዚህ ይነገር።

ኤርጎ የአሪ ሰው ነው። ከጂንካ በላይ ካለው ዳገት፣ እንሰትና ጎደሬ ከሚበቅልበት ቀበሌ፣ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ወርዶ የአውሮፕላን ማረፊያ ዘበኛ ሆነ። ማረፊያ ሲባል አስፋልት የሚታየው ሰው ካለ ይሳሳታል። ያኔ ማረፊያው ሣር ነበር። ከተማዋ መሃል ለመሃል የተዘረጋ፣ በአንዱ ወገን ገበያው፣ በሌላው ወገን ጸሎት ቤቱ፣ በቀረው ዙሪያ የሰዉ ጓሮ የሚያዋስነው ሜዳ። እንደዚያ ያለ ለምለም ሣር በአካባቢው አልነበረም። ስለዚህ አውሮፕላን በሳምንት ጥቂት ቀን፣ ያውም ደመናው ከፈቀደ፣ ያርፍበት ነበር፤ ላም ግን በየቀኑ ታርፍበት ነበር።

ደንብ ነበረው። አውሮፕላኑ ከመጣበት መነሣቱ በሬዲዮ ሲነገር ኤርጎ ፊሽካ ይነፋል። ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ የተገኘ ከብት ከቢሮው ጀርባ ያለው የእሾህ በረት ውስጥ ይታሰራል፤ ባለቤቱም ሳይቀጣ አያወጣውም። ደንቡ ስለ ላም፣ ስለ በሬ፣ ስለ በግና ስለ ፍየል፣ ሌላው ቀርቶ ስለ አህያ በዝርዝር ይናገራል። ስለ ልጅ ምንም አይልም። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች ልጅ ሣር ስለማይበላ ሜዳው ላይ ምን ያደርጋል ብለው አስበው ይሆናል።

ኤርጎ ፊሽካውን ወደደው። ዳገት ላይ ሳለ አራተኛ ልጅ ነበር፤ አራተኛ ልጅ ማለት ደግሞ ታላላቆቹ ሁሉ የሚልኩት ማለት ነው። ውኃ እሱ፣ የጠፋ ፍየል ፍለጋ እሱ፣ ከጎረቤት እሳት ሊጭር እሱ። ግራ ክንዱ ላይ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ የሚደርስ ጠባሳ አለ፤ እሳት ሊጭር ተልኮ ሲመለስ ተደናቅፎ ፍሙ የፈሰሰበት ነው። ስለ ጠባሳው ሲጠየቅ «ታዛዥ ልጅ ነበርኩ» ይላል፣ እንደ ኒሻን እያሳየ። አሁን ግን ከንፈሩ ላይ አንዲት ቁራጭ ብረት ሲያደርግ የሚታዘዘው ከተማው ሆነ። ነፍቶ ዓይኑን ወደ ሰማይ ያቀናል፤ ከተራራው አናት ብቅ የሚለውን ነጥብ ይጠብቃል፤ ዝቅ ብሎ ሲያይ ሜዳው ተራግፎ እንደ ተጠረገ ግቢ ባዶ ነው።

«ኤርጎ፣ አንተ ከራዳር ትበልጣለህ» ይለዋል የማረፊያው ኃላፊ አቶ ሽመልስ። ኤርጎ ራዳር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ መብለጥ ግን ደስ ይላል።

ያላየው ነገር ሜዳው እንዴት ባዶ እንደሚሆን ነበር። ሰማይ ሰማይ ሲያይ መሬቱን ዘንግቶታል። በዚህ ደግሞ ብቻውን አልነበረም፤ ያን ጊዜ ሰማይ ሰማይ የማያይ ሹም ያለ አይመስልም።

ገበያው ሜዳውን በሚነካበት ጥግ አስካል ጎመንና ቲማቲም ትሸጣለች። ከጎፋ በኩል ከባሏ ጋር የመጣች ናት። ባሏ ግንበኛ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ቆላ ወዳለው ካንጋተን ይወርድና ለወራት ይጠፋል። አስካል ያላት ጎመኗ፣ ቡሬ የምትባል ጥቁርና ነጭ ላሟ፣ ዮርዳኖስ የምትባል ልጇ ነበሩ። ዮርዲ ይሏታል። የወተት ጥርሷ መነቀል የጀመረበት ዕድሜ ላይ ነበረች፤ የፊተኞቹ ስለሌሉ ስትስቅ በሯ የተከፈተ ቤት ትመስላለች።

ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ደመናው ተራራው ላይ ተቀምጦ ስለነበር አብራሪው ቀዳዳ ሲያገኝ ቸኩሎ መጣ። ኤርጎ ነፋ። አስካል የጎመን እስር ለደንበኛ እየመረጠች ነበርና ቀና ሳትል ተናገረች።

«ዮርዲ፣ ፊሽካ አልሰማሽም? ሩጪ፣ ቡሬን አውጪ። ጎበዝ የኔ ልጅ።»

ጎበዝ የኔ ልጅ። በዚህ አገር ልጅን የሚጎዳው እርግማን አይደለም፤ ይህ ምርቃት ነው። የተላከበት የማይዘገይ፣ «እምቢ» የማያውቅ፣ መንገድ ሲሻገር ግራ ቀኝ ለማየት እንኳ የማይቆም ልጅ «የተባረከ» ይባላል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያልወለደውን ልጅ ጠርቶ ይልካል፤ ልጁም ይሮጣል። ሲወድቅ ደግሞ «አያይም እንዴ» ይባላል። ሰፊው ሕዝብ ተቀምጦ ይልካል፤ ጠባቡ ሕዝብ ሮጦ ይሰበራል።

ዮርዲ ሮጠች። ቡሬ ሜዳው መሃል ተኝታ ታመሰኳለች። ልጅቱ በአለንጋ መታቻት፣ ጭራዋን ጎተተች፣ ለመነቻት። ቡሬ አልተነሣችም። ሞተሩ ከተራራው ጀርባ ሲሰማ ኤርጎ እንደ ልማዱ ነጥቡን ፈለገ፤ ነጥቡ ግን ነጥብ መሆኑን ትቶ ክንፍ አውጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ዝቅ ብሎ አየ። ሣሩ ላይ አንዲት ላም፣ አንዲት የጨርቅ ብጣሽ የምታህል ልጅ።

ፊሽካው ከአፉ ወደቀ። ሮጠ።

የሆነውን ያዩ ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ። ቡሬ የሞተሩ ጩኸት ሲቀርብ ማንም ሳይነዳት፣ ማንም ሳይመታት ተነሥታ ጭራዋን ሽቅብ ቀስራ ወደ ጓሮዋ ሮጠች። ላም ሞኝ አይደለችም። ልጅቱ ናት የቀረችው። አለንጋዋን እንደያዘች፣ አፏን ከፍታ፣ የአውሮፕላን ሆድ ከታች ሆና ስታይ የመጀመሪያዋ ነበርና ቆማ ቀረች። ኤርጎ በሩጫ እንደመጣ አቅፏት ሜዳው ዳር ያለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ከእርሷ ጋር ገባ። አውሮፕላኑ ከበላያቸው አፏጭቶ ሽቅብ ወጣና ዞሮ ሊመለስ ሄደ። ቦይ ውስጥ ሁለት ነገር ተሰበረ፤ የኤርጎ ጉልበትና የዮርዲ ቀኝ ክንድ።

ሰዉ ተሰበሰበ። መጀመሪያ የደረሰው ከብት ነጋዴው ዳርጌ ነበር። ወደ ቦዩ ጎንበስ ብሎ «ላሟስ ተረፈች?» አለ።

አስካል እጇ ላይ ጎመን እንደያዘች መጣች። ልጇን አየች፣ ክንዷን አየች፣ ከዚያ ኤርጎን አየች።

«እጇን ሰበርከው። የልጄን እጅ ሰበርከው፤ ጌታ ይይልህ።»

«ማን ላካት?» አለ ኤርጎ፣ ጭቃው ውስጥ እንደተቀመጠ።

«ማን ላካት ትለኛለህ? አንተ ነህ የላካት። አንተ ባትነፋ እኔ ምን አስላከኝ? ስትነፋ እንልካለን። ሁላችንም እንልካለን።»

በንዴት የተናገረችው ነው። ከተማው ውስጥ በእርጋታ ከተነገረው ሁሉ የሚሻል እውነት ግን ነበር።

ሁለቱንም ወጌሻ ዘንድ ወሰዷቸው። ሽማግሌው ወጌሻ የልጅቱን ክንድ አቅንቶ በቀርከሃ ስንጥር አሰረ፤ የኤርጎን ጉልበት ደግሞ ቅቤ ቀብቶ ከጠመዘዘ በኋላ «ይህ ካሁን በኋላ ዝናብ ይነግርሃል» አለው። ጎን ለጎን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዮርዲ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር።

«ጋሼ» አለችው።

«እመት።»

«ቡሬ ታሰረች?»

«አልታሰረችም። ራሷ ሄደች።»

«እሺ» አለችና ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች።

ኤርጎ ዱላ ተመርኩዞ ወደ ሥራው ሲመለስ ያ የልጅቱ ጥያቄ ከጉልበቱ በላይ ያመው ነበር። የሚቀጥለው አውሮፕላን በሬዲዮ ተነገረ። ነፋ። አሁን ግን ሰማዩን ትቶ መሬቱን አየ። ከየአጥሩ ቀዳዳ፣ ከየጓሮው በር፣ ከገበያው ውስጥ፣ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ልጅ ፈሰሰ። ጫማ ያላቸውና የሌላቸው፣ ሕፃን ያዘሉ ሴት ልጆች፣ ደብተር በብብታቸው የያዙ ተማሪዎች። ሁሉም አውሮፕላኑ ወደሚመጣበት ሜዳ ወደ ውስጥ ይሮጣሉ። ፊሽካው ሜዳውን የሚያራግፍ መስሎት ነበር፤ ለካ ልጅ የሚጠራ ደወል ነው። ስንት ጊዜ ነፍቷል? ስንት ጊዜ ዝቅ ብሎ ሳያይ «ጨረስን» ብሏል?  አንድም ልጅ ሳይነካ እስከዚያ ቀን መቆየቱን ሲያስብ ባርኔጣውን አወለቀ። «ጌታ ሆይ፣ እኔ ሰማይ ስመለከት መሬቱን አንተ ስትጠብቅልኝ ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ ሲነፋ ወደ ሰማይ አላየም።

አቶ ሽመልስ ዘንድ ሄዶ ነገረው። አቶ ሽመልስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስብሰባ የሚወድ ሰው እንጂ።

«ችግሩ ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም» አለ። ግንዛቤ የሌለው ኅብረተሰብ ምንጊዜም ሌላው ነው። «መድረክ እንፈጥራለን።»

መድረክ ተፈጠረ። ከገበያው በኩል ባለው ጥላ ሥር ባነር ተሰቀለ፤ «ሕፃናትን ከአደጋ መጠበቅ የሁሉም ኃላፊነት ነው» ይላል። የሁሉም ኃላፊነት የተባለ ነገር የማን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። እንግዶች መጡ፣ የሚቀመጡበት ግን አልነበረም። አግዳሚ ወንበሮቹ ከሜዳው ማዶ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ናቸው።

«ልጆች» አለ አቶ ሽመልስ እያጨበጨበ፣ «ሩጡ፣ ወንበር አምጡ።»

ልጆቹ ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ፣ አግዳሚውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው ሜዳውን አቋርጠው መጡ። ታላላቆቹ ተቀመጡ። ተናጋሪው ስለ ልጆች ደኅንነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ቃሉ ሁሉ ያማረ ነበር። መሃል ላይ ጉሮሮው ሲደርቅ አጠገቡ የቆመውን ሕፃን «ማሙሽ፣ እስኪ ለስላሳ አምጣልኝ» አለው፤ ሕፃኑም የጭነት መኪና የሚያልፍበትን መንገድ ተሻግሮ አመጣለት። ተናጋሪው ጠጥቶ ንግግሩን ቀጠለ። ኤርጎ እጁን አወጣ።

«ወንበሮቹን ማን አመጣቸው?»

«ልጆቹ» አሉት።

«በየት በኩል?»

 አቶ ሽመልስ ፈገግ ብሎ «ኤርጎ፣ ጥያቄህ ከአጀንዳው ውጪ ነው» አለ። ተጨበጨበ። ወንበሮቹን የመለሱትም ልጆቹ ናቸው።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ጸሎት ቤት ውስጥ ማስታወቂያ የሚነገርበት ሰዓት ላይ ኤርጎ በዱላው ተነሣ። ለንግግር የተፈጠረ ሰው አይደለም፤ አማርኛውም ከዳገቱ ቋንቋ ጋር ተጋጭቶ ነው የሚወጣው።

«የበረቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው» አለ። «ካሁን በኋላ ልጅ የነዳው ከብት ይታሰራል። ትልቅ ሰው የነዳው አይታሰርም። ብቻውን የቀረም አይታሰርም። ጌታ ይባርካችሁ።» ተቀመጠ።

ውጭ ሲወጡ ከበቡት። ዳርጌ ቀደመ።

«ኤርጎ፣ ቦይ ውስጥ የተሰበረው ጉልበትህ ነው ራስህ?»

«ሁለቱም።»

«እሺ፣ ላሜ ሜዳው መሃል ብትቀር?»

«በነጻ ትሄዳለች።»

«ልጄ ቢያወጣት?»

«ትታሰራለች።»

«ይሄ የተገለበጠ ሕግ ነው።»

«ያልተገለበጠውን አየነው፣ ዳርጌ።»

አስካል ክንዷ የታሰረውን ልጇን ይዛ ኋላ ቆማ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረችውም።

«እኔስ?» አለች። «ጎመኔን ለማን ጥዬ ነው ላም የምነዳው? የሰረቁኝ እንደሆነስ?»

«ማን ይሰርቅሻል? ሌባውም ላም ካለው ሜዳ ላይ ነው የሚሆነው።» ሰዉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ኤርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ላምሽን ራስሽ አውጪ፣ አስካል።»

የልጇን ደህና እጅ ይዛ ሄደች።

አውሮፕላን መጣ፣ ፊሽካ ተነፋ። የጂንካ አዛውንቶች እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሲወራ ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን በራሳቸው ላይ ስለሆነ አጭር ነው። ልብስ ሰፊው አብዱሰላም ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ፍየሉን ያባርራል። አንድ የጸሎት ቤት ሽማግሌ መጽሐፍ ቅዱሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከጥጃው ጋር ይታገላል። እጃቸው ሊጥ የሆነ ሴቶች፣ ክራቫት ያሰረ አስተማሪ። ዳርጌ ከበሬው ጋር ሲጓተት ሱሪው ተቀደደ። ልጆቹ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ቲያትር ያያሉ። አስካል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቡሬን ስትገፋ፣ ቡሬም እንደ ወትሮዋ አልነሣ ስትል፣ ከአጥሩ ላይ አንዲት ክንዷ የታሰረ ልጅ በሙሉ ድምጿ ጮኸች።

«ጎበዝ የኔ እናት!»

ትልቅ ሰው ግን እንደ ልጅ አይሮጥም። ሜዳው ቶሎ አልተራገፈም፤ አውሮፕላኑ ዞረ፣ ደግሞም ዞረ።

አቶ ሽመልስ ኤርጎን አስጠራው። አላስቀመጠውም።

«አብራሪው ምን አለኝ መሰለህ? እንደ አሞራ አዞራችሁኝ አለ።»

«ይዙር፣ ምን ክፋት አለው?»

«ነዳጅ ነው የሚበላው።»

«ይብላ፣ አቶ ሽመልስ። ልጅ ከሚበላ ነዳጅ ይብላ።»

«ደንብ የምታወጣው አንተ ነህ?»

«እኔ አላወጣሁም። የእርስዎው ደንብ ነው፣ ከብት ይታሰራል ይላል። የትኛው እንደሚታሰር ብቻ ነው የመረጥኩት።»

አቶ ሽመልስ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ «ስማ» አለ፤ «በሚቀጥለው በረራ አውሮፕላኑ ከዞረ ፊሽካውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠህ ወደ ዳገትህ ትወጣለህ።»

ኤርጎ ቤት ውስጥ ከዚያ ደመወዝ የሚበሉ ልጆች ነበሩት። የተሰበረ ጉልበት ይዞ ወደ እንሰት ማሳ መመለስ ምን እንደሆነ ያውቃል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት፤ «እንደ ድሮው ይሁን» ማለት። ከተማውም ደስ ይለዋል፣ ኃላፊውም። ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ቃሉን ሊለማመደው ሞከረ። እጅጌውን ሰብስቦ ጠባሳውን አየ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ ጠባሳ የመታዘዝ ዋጋ ይመስለው ነበር። አሁን ጥያቄ መጣበት፤ እሳቱን ለምን ራሳቸው አልጫሩም? ታላላቆቹ ምን እየሠሩ ነበር? ተቀምጠው ነበር። ምንም እየሠሩ አልነበረም፤ ተቀምጠው ነበር። እጅጌውን መለሰው። ቃሉን አላለም።

የበረራው ቀን ጠዋት ዱላውንና ፊሽካውን ይዞ ወጣ። አቶ ሽመልስ ቢሮው በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሬዲዮው ተናገረ። ኤርጎ ሜዳውን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን አሻሽቶ ደግሞ አየ። ሜዳው ላይ ላም የለም። ከነጭራሹ የለም። ወደ ጓሮዎቹ ዞር ሲል በየአጥሩ ሥር ከብቱ በገመድ ችካል ላይ ታስሮ የታጨደ ሣር ይበላል። የመጀመሪያውን ችካል የመታችው አስካል ነበረች፤ ገና ሳይነጋ በድንጋይ ስትቀጠቅጥ ጎረቤቷ ሰምታ «ምን እየሠራሽ ነው?» ብትላት «ዳግመኛ አልሮጥም» አለቻት። ጎረቤቷም «እውነትሽን ነው» አለች፤ ወሬው ከአጥር አጥር ዞረ። ዳርጌ ሳይቀር በሬውን አሰረ፤ አንድ ሱሪ ብቻ ነበር የቀረው።

ልጆቹን ስብከት አላዳናቸውም፣ ባነር አላዳናቸውም። የታላላቆቻቸው ስንፍና አዳናቸው። ለካ ልጅ እንዲሮጥ የሚያደርገው ስንፍና፣ ራሱ ሩጫው ሲደርስበት ችካል ይመታል።

ኤርጎ ያም ሆኖ ፊሽካውን ነፋ። ምንም አልሆነም። ማንም አልሮጠም፣ ማንም አልወጣም፣ አንድም የአጥር በር አልተከፈተም። በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፍቶ የሚታዘዘው አጣ፤ እንደዚያ ቀን ተደስቶም አያውቅም። አውሮፕላኑ በባዶ ሣር ላይ ቀጥ ብሎ አረፈ።

አቶ ሽመልስ በሪፖርቱ ላይ ውጤቱ የተገኘው በግንዛቤ ማስጨበጫው መድረክ መሆኑን ጻፈ፤ ምስጋናም ተጻፈለት። ይጻፍለት። ኤርጎ የፈለገውን አግኝቶ ነበር።

የአስካል ምስጋና ግን ዘገየ፤ ዘግይቶም በቃል አልመጣም። ቡሬ በወለደች ጊዜ፣ አንድ ማለዳ አስካል አንድ ቅል ወተት ይዛ፣ ጎመኗን ሜዳው ጥግ ላይ ለማንም አደራ ሳትል ትታ፣ ሜዳውን ዙሪያውን ዞራ የዘበኛው ጎጆ ድረስ መጣች። ዮርዲ ክንዷ ድኖ ቤት ነበረች፤ እግሯም ደህና ነበር። መላክ ይቻል ነበር።

«ወተት አመጣሁ» አለች። «ራሴ ነኝ ያመጣሁት።»

«አየሁ» አለ ኤርጎ።

ቅሉን ተቀበላት።  ከዚያ ወዲህም በየጊዜው ስታመጣ እንዲያው ናት፤ ዝናብ ቢሆን፣ ገበያ ቢሆን፣ ራሷ። ዮርዲ ስታድግ ክንዷ ትንሽ ወደ ውጭ ጎብጦ ቀረ። አስካል ኤርጎን «የዮርዲ አባት» ማለት የጀመረችው መቼ እንደሆነ ማንም አያስታውስም፤ ካንጋተን የሄደው ባሏ ተመልሶ ሲሰማም አልከፋውም፤ «ሁለት አባት ያላት ልጅ መልካም ናት» አለ።

ዓመታት አለፉ። አውሮፕላኑ ከመሃል ከተማ ወጥቶ አስፋልት ወዳለበት አዲስ ማረፊያ ሄደ። የኤርጎ ፊሽካ ጡረታ ወጣ፤ ኤርጎ ግን አልወጣም። አውሮፕላን በሄደበት ባጃጅ መጣ። አውሮፕላን ቢያንስ መምጣቱ በሬዲዮ ይነገር ነበር፤ ባጃጅ እንደ ምጽአት ነው፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚያውቅ የለም። ሰዉ ደግሞ እንደ ድሮው ነው። «ሂድ ካርድ ግዛ»፣ «ሂጂ ሳሙና አምጪ»፣ «ሮጥ በልና እንትናን ጥራልኝ።» ኤርጎ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከዮርዲ ሱቅ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ዮርዲ አድጋ፣ አግብታ፣ ሱቅ ከፍታለች። ልጅ ሲላክ ባየ ቁጥር ከተቀመጠበት ላኪውን ይጠራል።

«ራስህ ሂድ» ይላል።

ሹም ይሁን፣ ሹፌር ይሁን፣ ሰባኪ ይሁን አይለይም። አንዳንዱ ይሰድበዋል፣ አንዳንዱ ያፍርና ተነሥቶ ይሄዳል። ስሙም «አባባ ራስህ-ሂድ» ሆነ። ራቅ ብሎ ባለው ካኮ ገበያ ላይ እንኳ አንዲት እናት ልጇን ልትልክ ስትል «ራስሽ-ሂጂ መጣብሽ» ብለው ሲያስፈራሯት ተሰምቷል፤ ኤርጎ በካኮ አጠገብም አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ነው። የኤርጎ የእጅ ባትሪ ድንጋይ አለቀ። ጉልበቱ ዝናብ እየነገረው ነበር፤ ወጌሻው እንዳለው ሆኖ ቀርቷል። ባትሪ ድንጋይ ዮርዲ ሱቅ የለም፤ ያለው ከመንገዱ ማዶ ነው። የዮርዲ ልጅ፣ ተስፋ፣ ጥርሱ መነቀል የጀመረ ሕፃን፣ አጠገቡ ተቀምጦ በጠጠር ይጫወታል። ኤርጎ አላሰበበትም። አሮጌ ልማድ ከአሮጌ ጉልበት ይጠነክራልና፣ ከአፉ እንደዋዛ ወጣ።

«ተስፋ፣ እስኪ ተሻገርና ባትሪ ድንጋይ ግዛልኝ። ጎበዝ የኔ ልጅ።»

ተስፋ ጠጠሩን አስቀምጦ ሽማግሌውን አየ። አልተነሣም።

«አባባ፣ ራስህ ሂድ» አለ።

ዮርዲ ከሱቁ ውስጥ ሰምታ በድንጋጤ ወጣች፤ ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም። «ተስፋ! ምንድን ነው ያልከው?»

«አንቺ ነሽ ያልሽኝ» አለ ልጁ። «ማንም ተሻገር ቢልህ ራስህ ሂድ በለው አላልሽም? ማንም አልሽ።»

ዮርዲ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ኤርጎን ስታየው ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ያለቀሰ መስሏት ቀረብ አለች። እየሳቀ ነበር። ሁለቱም ነበር።

«ተዪው» አለ። «ተዪው፣ ልክ ነው።»

ዱላውን ተመርኩዞ ተነሣ። ዮርዲ «እኔ ልሂድልህ፣ አባዬ» ብላ ጎባጣውን ክንዷን ዘረጋችለት፤ አልፈቀደም። መንገዱ ዳር ቆመ፣ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ እጁን አነሣ። አንድ ባጃጅ ጎማውን አፏጭቶ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

«አባባ፣ በዚህ እግርህ? የምትልከው ልጅ አጣህ?»

«ላክሁት» አለ ኤርጎ። «እምቢ አለኝ። ጌታ ይመስገን።»

ሹፌሩ ምን እንደሚያስመሰግን አልገባውም። ኤርጎ ሳይቸኩል ተሻገረ፤ ከኋላው ባጃጆቹ ተሰልፈው ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ወደ ሰማይም ወደ እነሱም አላየም፣ የሚረግጠውን መሬት ነበር የሚያየው። ገዝቶ ተመለሰ። ተስፋ ጠጠሩን ትቶ ባትሪውን ከፍቶ ድንጋዮቹን ሊያስገባለት ሞከረ፤ አልገባ አሉ።

«አባባ፣ ቀጫጭኑን ነው የገዛኸው። ይሄ ወፍራሙን ነው የሚፈልገው።»

ኤርጎ ድንጋዮቹን መልሶ ኪሱ ከተተ። ዱላውን አነሣና እንደገና ወደ መንገዱ ዳር ሄደ።